ሻቶ ጋያር በመኪና፦ ከፓሪስ ደርሶ መልስ፣ ግንቡን ከየት በኩል መጀመር ይሻላል?

የሴን_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሻቶ ጋያር በየጊዜው ጥያቄ ይመጣል፣ መልሱ ግን በየቦታው ተበትኖ ቀርቷል። እዚህ ብንሰበስበው ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል። ግንቡ ያለው ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ፣ ሌዛንድሊ ከምትባል ትንሽ ከተማ በላይ፣ ሴን ወንዝ በሚታጠፍበት ነጭ ገደል ጫፍ ላይ ነው። አንበሳ ልብ የሚባለው የእንግሊዝ ንጉሥና የኖርማንዲ መስፍን ሪቻርድ ከ1196 እስከ 1198 አስገነባው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የመንገዱን እኔ ልጀምር። ከፓሪስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ኤ13 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ሩዋን አቅጣጫ፣ በጋዮን መውጫ ወርዶ፣ በገጠሩ መንገድ ሴንን ተሻግሮ ሌዛንድሊ።

ስህተቱ የሚጀምረው ገና ከመነሻው፣ ጂፒኤስ ላይ ነው። ምሥራቅ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከሊዮን ሰሜን ምሥራቅ፣ ሻቶ ጋያር የሚባል ሌላ መንደር አለ። ስሙን ብቻ ጽፋችሁ የመጀመሪያውን ምርጫ ከነካችሁ ወደዚያ ሊመራችሁ ይችላል። በዚያ ላይ ከኤ13 መውጫው አጠገብ ያለው የጋዮን ቤተ መንግሥት ሌላ ነው፤ እሱ የህዳሴ ዘመን ሥራ ነው፣ ስሙ ግን ስለሚቀራረብ ያሳስታል። መጀመሪያ «ሌዛንድሊ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ግንቡን በካርታው ላይ ምረጡ።

ሁለተኛው የመንገድ ክፍያው ነው። ኤ13 ላይ የቀድሞዎቹ የክፍያ ኬላዎች ተነስተዋል። መኪናው ሳይቆም ካሜራ ታርጋውን ያነሳል፤ እናንተ በ72 ሰዓት ውስጥ የአውራ ጎዳናው አስተዳዳሪ ድረ ገጽ ላይ ታርጋ ቁጥር አስገብታችሁ ትከፍላላችሁ። ኬላ ስለማይታይ መንገዱ ነጻ መስሎት የሚመለስ ሰው ብዙ ነው፤ ቅጣቱ የሚመጣው ከርሞ ነው። የኪራይ መኪና ከሆነ ደብዳቤው መጀመሪያ አከራዩ ዘንድ ይደርስና፣ እሱም የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮበት ያስተላልፈዋል። የመልሱም ጉዞ ለብቻው እንደሚታሰብ አትርሱ።

የግንቡን ነገር የሚያውቅ ይቀጥልበት።

መሪ_ጨባጭ፦
በመንገዱ ላይ ልጨምር፤ ግንቡን ለሌሎች እተወዋለሁ።

ነዳጅ ስትቀዱ «ጋዞል» የሚል ታያላችሁ። ናፍጣ ማለት ነው። ስሙ ጋዞሊን ስለሚመስል ቤንዚን መኪና ውስጥ የሚሞላው አለ። ስሙን ትታችሁ ምልክቱን እዩ፦ ክብ ውስጥ ኢ5 ወይም ኢ10 ካለ ቤንዚን ነው፤ አራት ማዕዘን ውስጥ ቢ7 ካለ ናፍጣ ነው። ያው ምልክት በመኪናው የነዳጅ ክዳን ውስጠኛ በኩልም አብዛኛውን ጊዜ ይለጠፋል፣ ማመሳሰል ነው። ተሳስቶ ከተቀዳ ሞተሩን አታስነሱ፣ ቁልፉንም አትክፈቱ። በብዙ መኪና ላይ ቁልፉ እንደተከፈተ ፓምፑ ነዳጁን ወደ ሞተር መግፋት ይጀምራል፣ ታንከር ማጠብ ብቻ የነበረው ጣጣ ያኔ ወደ ሞተር ጥገና ይሄዳል።

ፍጥነት፦ አውራ ጎዳናው ላይ 130፣ ዝናብ ከጣለ 110። ከጋዮን በኋላ ባለው የገጠር መንገድ፣ ሌላ ምልክት ከሌለ 80። የመንደር ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ካለፋችሁበት ቅጽበት ጀምሮ 50 ነው፤ 50 የሚል ቁጥር አትጠብቁ፣ የስም ሰሌዳው ራሱ ትእዛዝ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የቀኝ ቅድሚያ ነው። በየመንደሩ ውስጥ ምልክት የሌለው መገናኛ ላይ ከቀኝ የሚመጣው መኪና ቅድሚያ አለው፣ የሚወጣው ከጠባብ የመንደር መንገድ ቢሆንም። ነጭ ጠርዝ ያለው ቢጫ አልማዝ ምልክት ካያችሁ ቅድሚያው የእናንተ ነው፤ ያው ምልክት በጥቁር መስመር ከተሰረዘ አበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቀኝ ቀኙን እያዩ መንዳት ነው።

አንጸባራቂ ሰደርያና ባለ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ ግዴታ ናቸው። ሰደርያው የኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ሳይሆን ከወንበር ሳይነሱ እጅ የሚደርስበት ይሁን፤ ሕጉ የሚለው ከመውረዳችሁ በፊት እንድትለብሱት ነው።

ኖራና_ድንጋይ፦
ሁለታችሁም ተባረኩ። እንግዲህ ወደ ግንቡ።

ከላይ፣ ከሜዳው በኩል ካለው መኪና ማቆሚያ ጀምሩ። ብዙ ሰው ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ወደ ትልቁ ማማ ይሮጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል። እንዲህ ያየ ሰው የተቆለለ ድንጋይ ነው ያየው። ይህ ግንብ የሚነበበው በቅደም ተከተል ነው፣ ቅደም ተከተሉም በ1204 የወደቀበት ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ እዚያው ሜዳ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል እዩት። በሦስት በኩል መሬቱ ወደ ወንዙና ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ከተራራው ጋር የሚያገናኘው እናንተ የቆማችሁበት ጠባብ አንገት ብቻ ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ግንቡን ሲከብ ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያዎቹን የተከለው በዚህ በኩል ነው፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሪቻርድም ይህን ስለሚያውቅ ጥንካሬውን ሁሉ ወደዚህ አዞረው።

አሁን ውረዱ። መጀመሪያ የምታገኙት ባለ ሦስት ማዕዘን መሰል የውጭ ምሽግ ነው፣ ሹል ጫፉ ወደ እናንተ የዞረ። ዙሪያውን ከአለቱ ተፈልፍሎ የወጣ ደረቅ ቦይ ከብቦታል። ቦዩ ውሃ ኖሮት አያውቅም፤ በዚህ ከፍታ ውሃ አይቆምም። ጫፉ ላይ ያለው ማማ ሥሩ እየተፈለፈለ የተናደው ነው። የፊሊፕ ሰዎች ወደ ቦዩ በመሰላል ወርደው፣ ወደ ግድግዳው ሥር ለመውጣት ግን መሰላሉ አጠራቸው፤ የቀረውን ኖራማውን ድንጋይ በጩቤ እየቆነጠሩ፣ እጅና እግር ማስገቢያ እያበጁ ወጡት። ቦዩ ውስጥ ወርዳችሁ ዓለቱን በጥፍራችሁ ንኩት። ይፋቃል፣ ጣት ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ያኔ ታሪኩ ለምን እውነት እንደሚመስል ይገባችኋል።

ሥር መፈልፈል ማለት እንዲህ ነው፦ ከግድግዳው በታች ዋሻ ይቆፈራል፣ በላያቸው እንዳይናድ በእንጨት ምሰሶ ይደገፋል። ሲበቃቸው ዋሻው ውስጥ እሳት ለቀው ይወጣሉ። እንጨቱ ሲያልቅ ግድግዳው የሚቆምበትን ያጣና ይወርዳል። ለስላሳው ኖራማ ድንጋይ ለሪቻርድ በሁለት ዓመት ቦይ ለማውጣት አመቸው፤ ለፊሊፕ ቆፋሪዎችም የዚያኑ ያህል አመቻቸው።

ከውጭው ምሽግ ቀጥሎ ሌላ ቦይ፣ ከዚያ መካከለኛው ግቢ። እዚህ ብዙ የቆመ ነገር የለም፣ ቶሎ ታልፉታላችሁ፣ ግን በደቡብ ምዕራቡ በኩል ያለውን የሕንፃ መሠረት ፈልጉ። ከሪቻርድ በኋላ ወንድሙ ጆን ያስጨመረው ነው፤ ከላይ የጸሎት ቤት፣ ከታች መጸዳጃ። የፊሊፕ ወታደሮች ሾልከው የገቡት በዚህ በኩል ነው፤ የተንጠልጣዩን ድልድይ ለጓደኞቻቸው ከውስጥ አወረዱላቸው።

ከዚያ ውስጠኛው ግቢ፤ የሻቶ ጋያር ልዩ ነገር እዚህ ነው። የዙሪያው ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም። ግማሽ ክብ እብጠቶች ተደርድረውበት እንደ ተሸበሸበ ጨርቅ ይታያል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ጠፍጣፋ ግድግዳ የተወረወረ ድንጋይ ሙሉ ጉልበቱን ያሳርፍበታል፣ ክብ ግን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ሁለተኛ፣ ከላይ ቀስት የሚወረውረው ሰው ከግድግዳው ሥር የተጠጋውን ማየት ይችላል፤ የሚሸሸግበት ጥግ የለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለምን ወደቀ ካላችሁ፣ መግቢያው ላይ ቁሙ። ከመካከለኛው ግቢ ወደ ውስጠኛው የሚያሻግረው ድልድይ ከእንጨት አልተሠራም፤ ቦዩን ሲቆፍሩ ሳይነኩት የተዉት የዓለቱ አካል ነው። ጠላት ሲመጣ የሚነሳ ወይም የሚቃጠል አይደለም። የፊሊፕ ቆፋሪዎች በሥሩ ተጠልለው ከላይ የሚወረወረው ሳያገኛቸው ግድግዳውን ፈለፈሉ። ተከላካዮቹም ከውስጥ በኩል ሊያቆሟቸው ተቃራኒ ዋሻ ቆፈሩ፤ ግድግዳው ከሁለት ወገን ተቦረቦረ። በድንጋይ ወርዋሪ ሲመታ ወረደ። መጋቢት 6 ቀን 1204 ውስጥ የቀሩት ወደ 140 የሚጠጉ ሰዎች እጃቸውን ሰጡ። በዚያው ዓመት ሩዋንም ተከተለች።

ትልቁን ማማ መጨረሻ እዩት። በሜዳው አቅጣጫ እንደ መርከብ አፍንጫ የሾለ ነው፣ ግድግዳው ከ3 ሜትር በላይ ይወፍራል። ቀና ብላችሁ በውጭ በኩል፣ ከታች ቀጥነው ወደ ላይ እየሰፉ የሚሄዱትን የድንጋይ ድጋፎች እዩ። ጫፋቸው ላይ ቅስት ነበር፤ በቅስቱና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ድንጋይ ቁልቁል ይለቀቅ ነበር። በምዕራብ አውሮፓ ከታወቁት ቀደምቶቹ አንዱ ነው። ራሱ ጫፉ ጠፍቷል፤ የቀሩት ድጋፎቹ ናቸው።

ካርታ_ወዳጅ፦
ኖራና_ድንጋይ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የገቡት በመጸዳጃ ቀዳዳ ነው ወይስ በጸሎት ቤቱ መስኮት? ሁለቱንም የሚጽፍ አለ። ሁለተኛ፣ እዚህ ቦታ ግንብ መሥራት ለምን አስፈለገ? ሩዋን ራሷ የተመሸገች ከተማ ነበረች።

ኖራና_ድንጋይ፦
ለመጀመሪያው፦ ታሪኩ በሁለቱም መልክ ይነገራል፤ አስጎብኚዎች መጸዳጃውን ይወዱታል። ለጎብኚ የሚጠቅመው ሁለቱም አንድ ሕንፃ ላይ ማረፋቸው ነው። ሪቻርድ ያላሰበው ቀዳዳ ኋላ ለምቾት ሲባል ግድግዳው ላይ ተከፈተ፣ መግቢያም ሆነ።

ለሁለተኛው፦ መልሱ ዢዞር ነው። በ1193 ሪቻርድ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ ተይዞ እስር ላይ እያለ ፊሊፕ የዢዞርን ግንብ ያዘ። ዢዞር የኖርማንዲ ድንበር ቁልፍ ነበረ። ዢዞር ከተያዘ በኋላ ከፓሪስ ወደ ሩዋን በሴን ዳር የሚወስደው በር ክፍት ቀረ። በጥር 1196 ሁለቱ ሲታረቁ አንድሊ (የዛሬዋ ሌዛንድሊ) ላይ ማንም ምሽግ እንዳይሠራ ተስማምተው ነበር። ቦታው ደግሞ የሩዋን ሊቀ ጳጳስ ርስት ነበረ። ሪቻርድ በዚያው ዓመት ሥራውን ጀመረ። ሊቀ ጳጳሱ ኖርማንዲን በሙሉ አወገዙ፤ በ1197 ዲየፕንና ሌሎች ርስቶችን በለውጥ ወስደው ታረቁ። ወጪው ወደ 12,000 ፓውንድ ይገመታል። በዘመነ መንግሥቱ ሙሉ እንግሊዝ ውስጥ ላሉት ግንቦች ያወጣው ግን 7,000 ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ሰው ግንቡ ካለቀ በኋላ በ1199 ሻሉ ላይ በቀስት ተመትቶ ሞተ። ከበባውን የተቀበለው ጆን ነው።

እግረኛ_መንገድ፦
ኖራና_ድንጋይ ስለ ቅደም ተከተሉ ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ግን ጉልበት ላለው ሰው ከታች፣ ከፕቲ አንድሊ በእግር መውጣትን እመርጣለሁ። ሌዛንድሊ ሁለት ሰፈር ናት፦ ግራን አንድሊ ወደ ውስጥ፣ ፕቲ አንድሊ ወንዙ ዳር። ግንቡ ያለው ከፕቲ አንድሊ በላይ ነው፣ ከወንዙ 90 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ዳገቱን በእግር የወጣ ሰው ፊሊፕ በዚህ በኩል ለምን እንዳልሞከረ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ላይ ስትደርሱ በግንቡ ጎን አልፋችሁ እስከ ሜዳው ሂዱ፣ ከዚያ ዞራችሁ እሱ ባለው ቅደም ተከተል ውረዱ።

ፕቲ አንድሊ ያለው የሳን ሶቨር ቤተ ክርስቲያን ከግንቡ ጋር በአንድ ዘመን የተጀመረ ነው። ግቡበት።

ስለዚያ ሰፈር አንድ ነገር ሳይነሳ ባይታለፍ ደስ ይለኛል። ከበባው ሲጀመር የፕቲ አንድሊ ሕዝብ ሸሽቶ ግንቡ ውስጥ ገባ። የግንቡ አዛዥ ሮጀር ደ ሌሲ ስንቁ እንደማይበቃ ሲያይ መዋጋት የማይችሉትን አስወጣ። መጀመሪያ የወጡትን የፊሊፕ ጦር አሳለፋቸው። የመጨረሻዎቹን ግን ከለከላቸው፤ ግንቡም በሩን አልከፈተላቸውም። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ያሉበት፣ በግንቡና በከበባው መስመር መካከል የብርዱን ወራት ገደሉ ላይ አሳለፉ፣ ብዙዎቹ እዚያው በረሃብና በብርድ አለቁ። ዛሬ ሣር ለብሶ ሰው ምሳውን የሚበላበት ተዳፋት ያ ነው።

ልጆች_ይዤ፦
ለቤተሰብ ጥያቄ፦ የስድስትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ይችሉታል? ጋሪስ?

የሴን_ዳር፦
ጋሪ አይሆንም። መንገዱ ጠጠር፣ ሣርና የተፈለፈለ ዓለት ነው፤ ቦዮቹ አጠገብም ሁሉም ቦታ መከላከያ ብረት የለም።

ልጆቹ ይችሉታል፣ ግን እጃቸው ተይዞ። ትልቁ አደጋ የሚያንሸራትተው ድንጋይ ነው። ደረቅ ሲሆን እግር ይይዛል፤ ዝናብ ከነካው ከላይ ያለው ስስ ሽፋን እንደ ሳሙና ይሆናል። መሃል መሃሉ ላይ ባልጩት አለ፣ ሲሰበር ጠርዙ ምላጭ ነው። በሸራ ጫማ ወይም ሶሉ ባለቀ ስኒከር አትሂዱ፤ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ። ከዝናብ በኋላ ቦዮቹ ውስጥ መውረዱን ተዉት፤ ከላይ ሆኖ ማየት ይበቃል። ወደ ላይም እዩ፦ የተጋለጠ ግድግዳ ሥር ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ ጥሩ አይደለም፣ ውርጭ ያላላው ድንጋይ ይወድቃል።

ላይ ጥላ የለም፣ ነፋሱም ከወንዙ ሸለቆ በቀጥታ ይመጣል። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ በሙቀቱ ወራት ኮፍያ፣ በሌላው ወቅት ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። መጸዳጃ ቤት ከታች ከተማ ውስጥ ተጠቀሙ።

መግቢያ፦ ውጫዊው ምሽግና በዙሪያው ያለው ዓመቱን ሙሉ በነጻ የሚታይ ነው። ትልቁ ማማ ያለበት ውስጠኛው ግቢ በትኬት ነው፣ በብርዱ ወራትም ይዘጋል። በሚከፈትበት ወቅትም በየቀኑ ላይሆን ስለሚችል የከተማዋን ቱሪዝም ቢሮ ገጽ አይታችሁ ተነሱ። መኪናው ውስጥ ቦርሳም ሆነ ስልክ ከውጭ በሚታይበት አትተዉ፤ የመኪና ማቆሚያው ከሰው ራቅ ያለ ነው።

ጥርብ_ድንጋይ፦
ግድግዳዎቹን ስታዩ አንድ ነገር ለዩ፦ ፍርስራሹ ሁሉ የ1204 አይደለም። ፊሊፕ ከያዘው በኋላ ጠግኖታል፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግሏል። የስኮትላንዱ ንጉሥ ዳግማዊ ዳዊት ከ1334 እስከ 1341 በስደት የኖረው እዚህ ነው። ከዚያ በፊት በ1314 የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ሚስት የነበረችው የበርገንዲዋ ማርግሪት እዚህ ታስራ በ1315 እዚሁ ሞታለች። ግንቡ በእውነት ፍርስራሽ የሆነው የፈረንሳዩ ንጉሥ 4ኛው ሄንሪ በ1599 እንዲፈርስ ካዘዘ በኋላ ነው። መነኮሳት ለገዳማቸው ድንጋዩን እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው፤ ማፍረሱ በ1611 ቆመ። በ1862 ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ።

ታዲያ በምን ትለዩታላችሁ? የዚያ ዘመን ወፍራም ግድግዳ ሦስት ንብርብር ነው፦ ከውጭ ጥርብ ድንጋይ፣ ከውስጥ ጥርብ ድንጋይ፣ መሃሉ በኖራ የተላቆጠ ስብርባሪ። ድንጋይ ወሳጅ የሚፈልገው ጥርቡን ነው። ስለዚህ ከሥር እስከ ሰው ቁመት፣ ከዚያም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጥርቡ ተገፎ ስብርባሪው ከታየ፣ ከላይ ግን ጥርቡ ሙሉ ከሆነ፣ እጅና መሰላል የደረሰበት ነው፤ ተወስዷል። ግድግዳው ግን ከነሙሉ ውፍረቱ፣ ከውጭ እስከ ውስጥ ተቆርጦ ከታጣ የተናደ ወይም ሆን ተብሎ የፈረሰ ነው። በየተራው በእኩል ርቀት የተደረደሩ አነስተኛ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ካያችሁ ደግሞ የመተኮሻ ቀዳዳ አይደሉም፤ ግንበኞቹ የሚቆሙበትን መወጣጫ እንጨት የሰኩባቸው ናቸው።

ካርታ_ወዳጅ፦
ቀኑን ለመሙላት ዢዞርን ማከል ይቻላል? ርቀቱስ?

እግረኛ_መንገድ፦
በደንብ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ያለፈ። ዢዞር ላይ የምታዩት በሰው እጅ በተቆለለ ጉብታ ላይ የቆመ ስምንት ማዕዘን ማማ ነው፣ ዙሪያው ሰፊ አጥር። ከሻቶ ጋያር ጋር አንድ ላይ ሲታይ ልዩነቱ ይገርማል፦ ዢዞር በሜዳ ላይ ኮረብታ ሠርቶ ይወጣል፣ ጋያር ያገኘውን ኮረብታ ቆርጦ ይለያል። የእስረኛው ማማ የሚባለውንም አትለፉ፤ ግድግዳው ላይ እስረኛ የቀረጻቸው ምስሎች አሉ።

ላ ሮሽ ጊዮን ሌላ አማራጭ ነው፣ በገደል ላይ ያለው አሮጌ ማማ ከታች ካለው ቤተ መንግሥት ጋር በዓለት ውስጥ በተፈለፈለ ደረጃ ይገናኛል። ሦስቱን በአንድ ቀን ግን አልመክርም፤ አንዱም በደንብ አይታይም።

ኖራና_ድንጋይ፦
ፎቶ ለሚያነሳ፣ ቅደም ተከተሉን ብርሃኑ ይወስነው። ከሜዳው ስታዩ ግንቡ በሰሜን ምዕራብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፤ ግንቡ፣ የወንዙ መታጠፊያና ከተማዋ ሁሉ ይበራሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ከፊት ትመጣና ድንጋዩ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። በፕቲ አንድሊ ወንዝ ዳር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ነጩ ገደልና ምዕራባዊው ግድግዳ የሚበሩት ከሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም ለሚፈልግ፦ ጠዋት በቀጥታ ሜዳው ላይ፣ ግንቡን ከላይ እስከ ታች ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ ከዚያ ዢዞር፣ ሲመለስ ለመጨረሻዋ አንድ ሰዓት ብርሃን ወንዝ ዳር። ለዢዞር ጊዜ ካልበቃም ወንዝ ዳሩን አትተዉት።